እናትን ይዞ ወደ ሆህ ደን፦ ከሲያትል ለሚነሳ ሰው

ከሲያትል ወደ ምዕራብ አራት ሰዓት ገደማ ብትነዱ ሆህ የተባለ ደን ትደርሳላችሁ። በዓመት ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ዝናብ ይወርድበታል። ዛፎቹ ከሥር እስከ ቅርንጫፍ አረንጓዴ ለብሰዋል። ከዚያ ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ደግሞ የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። ሁለቱም የኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ አካል ናቸው።

ሲያትል አጠገብ ባሉት ሬንተንና ኬንት ከአሥር ዓመት በላይ ኖረው አንድም ቀን ያላዩት ብዙ ሀበሾች አውቃለሁ። ለምን ስላቸው «ዝናቡን እዚሁ ጠግበነዋል» ይሉኛል። እኔ ግን የአሜሪካ በጋ (የእኛ ክረምት) በመጣ ቁጥር ሰው ሰብስቤ እሄዳለሁ። የተወለድኩት ካፋ፣ ቦንጋ ነው። ደንና ዝናብ ያሳደገኝ ሰው ስለሆንኩ ለዚህ ቦታ ማዳላቴ አይቀርም።

ይህን የምጽፈው በተለይ ከሀገር ቤት እናት ወይም አባት መጥተውላችሁ «የት ልውሰዳቸው?» ለምትሉ ነው። ትንንሽ ልጆች ላሏችሁም ይሆናል። ሰዓት የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ግን የፈረንጆቹ ነው።

መቼ ይሻላል?

ዝናቡ የሚቀንሰው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ብዙ ቤተሰብም ያኔ ይሄዳል። ሰው የሚበዛውም ያኔ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ያለው ጊዜ ደግሞ ከባዱ ዝናብ ነው። ነፋሱ ዛፍ ይጥላል፣ ወንዙ መንገድ ይቆርጣል። በ2024 ዲሴምበር ሆህ ወንዝ ሞልቶ ወደ ደኑ የሚያስገባውን ብቸኛ መንገድ ወሰደው። እስከ 2025 ሜይ ድረስ መኪና አልገባም። ስለዚህ በየትኛውም ወቅት ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ ከፍታችሁ የመንገዱን ሁኔታ እዩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የእኔ ምርጫ ዕንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ያኔ የአሜሪካ ልጆች ትምህርት ጀምረዋል። መንገዱ ይቀላል። ሜፕል የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ይጀምራል። ወንዱ ኤልክ በጠዋት ሲጮህ ይሰማል። ኤልክ የአጋዘን ወገን ነው፤ ቁመቱ ግን ከፈረስ አይተናነስም።

ስለ ዝናብ አንድ ነገር ልበል። የአየር ትንበያው ዝናብ ስላሳየ ብቻ ጉዞ አትሰርዙ። ለረጅም ጊዜ ሳይዘንብ ሲቀር የዛፎቹ አረንጓዴ ልባስ፣ ሞስ የምንለው፣ ይደርቅና ይደበዝዛል። ዝናብ ሲነካው ወዲያው ያብጣል፣ ቀለሙም ይመለሳል። ደኑ መልኩን የሚያሳየው እየዘነበ ነው። መሰረዝ ያለበት ከባድ ነፋስ ወይም ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ በዛፍ ሥር መሄድ አደጋ አለው።

ደርሶ መልስ አይሆንም

በአንድ ቀን ደርሰን እንመለሳለን የሚሉ አሉ። አትስሟቸው። ስምንት ሰዓት መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ ደኑን አንድ ሰዓት ታዩታላችሁ። የእናቶች ጉልበትም ይታሰራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ሁለት ሌሊት ያዙ።

ለማደር የሚመቸው ፎርክስ ነው። ትንሽ ከተማ ነው። ሞቴል፣ ነዳጅና ግሮሰሪ አለው። ባሕር ዳር ማደር የሚፈልግ ካላሎክ የሚባል ቦታ ሎጅና የድንኳን ሰፈር ያገኛል። ሁለቱም ለበጋ ወራት ቀደም ብሎ ይያዛል። እኔ በሚያዝያ ነው የምይዘው። ለትላልቅ ሰዎች ድንኳን አልመክርም። መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ሌሊቱም እርጥብ ነው።

መንገዱን እንዲህ አድርጉት። ሲሄዱ በሰሜን፣ ሲመለሱ በደቡብ። 101 የሚባለው አውራ ጎዳና ተራራውን ይዞራል፤ ስለዚህ አንድ መንገድ ሁለቴ አታዩም።

ለመሄድ ከሲያትል ወደ ቤይንብሪጅ፣ ወይም ከኤድመንድስ ወደ ኪንግስተን በፌሪ፣ መኪና በሚያሻግረው መርከብ፣ ተሻገሩ። ሁለቱም ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በፌሪ አይከፍሉም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመኪና ሰልፉ ያንገሸግሻል። እማዬን ይዤ ስሄድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሰልፍ ውስጥ እገባለሁ። ከፌሪ በኋላ ሁድ ካናል ላይ የተዘረጋውን ተንሳፋፊ ድልድይ ታልፋላችሁ። ለመርከብ ሲከፈት መኪና ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ለዚያም ትርፍ ጊዜ ያዙ።

ስኩዊም የምትባለው ከተማ ስትደርሱ ዙሪያውን ልብ ብላችሁ እዩ። ደረቅ ነው። ላቬንደር ይበቅልበታል። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከተራራው ማዶ ያለው ሆህ ግን ከዚህ ስምንት እጥፍ በላይ ያገኛል። እርጥቡ አየር ከፓስፊክ ይመጣል። የኦሊምፒክ ተራሮችን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናቡን እዚያው ያራግፋል። ተራራውን ተሻግሮ ስኩዊም ሲደርስ ባዶውን ነው። ልጆች ይህን በመኪና መስኮት እያዩ ሲማሩት ከመጽሐፍ ይበልጥ ይገባቸዋል።

ፖርት አንጀለስ ትልቅ ሱፐርማርኬት ያለበት የመጨረሻው ከተማ ነው። የጎደላችሁን እዚያ ግዙ። ከዚያ ክሬሰንት ሐይቅ ዳር ቆማችሁ እግራችሁን አፍታቱ። እዚያ ሜሪሜር የሚባል ፏፏቴ አለ። ደርሶ መልሱ ሦስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። መጨረሻው ላይ ደረጃና ዳገት ስላለ እማዬ ሐይቁ ዳር መቀመጥን መርጣለች። ፎርክስ ገብታችሁ በጊዜ ተኙ።

በሩ ላይ

ሁለተኛው ቀን የደኑ ቀን ነው። ከ101 ተገንጥሎ ወደ ውስጥ የሚገባው መንገድ 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፎርክስ ጠቅላላው አንድ ሰዓት ይወስዳል። በበጋ የመኪና ማቆሚያው ሲሞላ አንድ መኪና እስኪወጣ አንድ መኪና አይገባም። ረፋዱ ላይ የደረሰ ሰው በር ላይ አንድና ሁለት ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከፎርክስ ተነሱ። ቁርሳችሁን እዚያ ብሉ። ጠዋት መነሳት የማይሆንላችሁ ከሆነ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግቡ። በበጋ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ብርሃን አለ።

መግቢያው ለአንድ የግል መኪና 30 ዶላር ነው። ለሰባት ቀን ያገለግላል፤ በመኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ይጨምራል። ብዙ ፓርክ የምታዩ ከሆነ ለአሜሪካ ነዋሪ የዓመቱ ካርድ 80 ዶላር ነው። ዕድሜው 62 የሞላ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በዚያው 80 ዶላር የዕድሜ ልክ ካርድ ያገኛል። ይህን የማያውቁ ብዙ አባቶችና እናቶች አሉ፤ ንገሯቸው። የአራተኛ ክፍል ተማሪ ያለው ቤተሰብም ነፃ ካርድ ማውጣት ይችላል።

ስልክ አይሠራም። ከ101 ስትገነጠሉ ጀምሮ ኔትወርክ እንደሌለ ቁጠሩ። ካርታውን ሞቴል ውስጥ እያላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ነዳጅ ከፎርክስ ሙሉ። ውስጥ የሚሸጥ ምግብም የለም።

ደኑ ውስጥ

እንግዳ መቀበያው አጠገብ የሚጀምሩ አጫጭር መንገዶች አሉ። በጣም አጭሩ ተሽከርካሪ ወንበር የሚገባበት፣ ሜዳ የሆነ መንገድ ነው። እግራቸውን ለሚያማቸው ሰዎች እሱ ይበቃል። ያንኑ ዛፍ፣ ያንኑ ሞስ ነው የሚያሳየው። ሆል ኦፍ ሞሰስ የሚባለው ታዋቂው መንገድ ዙሪያው 1.3 ኪሎ ሜትር ነው። መጀመሪያው ላይ ትንሽ ዳገት አለው፤ ከዚያ ሜዳ ነው። ዳገቱን ቀስ ብሎ መውጣት ነው። እማዬ ከዘራዋን ይዛ፣ ሁለቴ አርፋ ወጥታዋለች። ስፕሩስ ትሬይል ደግሞ 1.9 ኪሎ ሜትር ሆኖ ወንዙ ዳር ያደርሳል። የወንዙ ውኃ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ከኦሊምፐስ ተራራ በረዶ ሥር የተፈጨ የድንጋይ ዱቄት ይዞ ስለሚወርድ ነው።

አብዛኛው ሰው ሆል ኦፍ ሞሰስን በግማሽ ሰዓት ዞሮ፣ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። እኔ ሁለት ሰዓት ስጡት ነው የምለው። ወደ ደኑ ከገባችሁ በኋላ መራመድ ሳይሆን መቆም ነው ሥራው።

መጀመሪያ የወደቀ ግንድ ፈልጉ። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ በየአምስት እርምጃው አለ። እማዬ አንዱ ግንድ አጠገብ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችው። ግንዱ በጎኑ ተኝቶ እንኳን ከእሷ ቁመት ይበልጣል። «ይሄን ሁሉ እንጨት ምነው ዝም ብለው ያበሰብሱታል? ስንት ዓመት ያነድ ነበር!» አለች። የማገዶ ችግር ያየ ሰው ጥያቄ ነው። እኔም ግንዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ችግኞች አሳየኋት። ከጣት የማይበልጡ ናቸው፤ ግን በደርዘን ይቆጠራሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደኑ መሬት በሞስና ፈርን በሚባል ቅጠላ ቅጠል ተሸፍኗል። እዚያ የወደቀ የዛፍ ዘር ቦታም ብርሃንም አያገኝም። የወደቀ ግንድ ላይ ያረፈ ዘር ግን ከፍ ይላል። እንጨቱ እየበሰበሰ እርጥበት ይይዝለታል። ችግኙ ያድግና ሥሩን በግንዱ ግራና ቀኝ አውርዶ መሬት ይነካል። ብዙ ዘመን አልፎ የታችኛው ግንድ ተበልቶ ሲያልቅ፣ ላዩ ላይ የበቀሉት ዛፎች ሰው እንደተከላቸው በአንድ መስመር ተሰልፈው ይቀራሉ። በሥሮቻቸው መካከል ግንዱ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያል። ሰልፉን አንዴ ካያችሁት በኋላ በየቦታው ታገኙታላችሁ። ልጆችን «ማን ቀድሞ ያገኛል?» ብላችሁ አወዳድሯቸው። እማዬ ይህን ሰምታ ግንዱን በእጇ መታ መታ አደረገችና «ለካ ወድቆም ልጅ ያሳድጋል!» አለች።

ቀጥሎ የሜፕል ዛፎቹን እዩ። ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው፣ ቅርንጫፎቻቸው ጋቢ የተከናነቡ የሚመስሉት እነሱ ናቸው። ሞሱ ዛፉን አይመጠውም። ውኃና ምግቡን ከዝናብና ከአየር ነው የሚያገኘው። እንዲያውም ዛፉ ከእሱ ይጠቀማል። ናሊኒ ናድካርኒ የተባለች የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዛፍ ላይ በገመድ ወጥታ ሞሱን ገለጥ ስታደርግ ከቅርንጫፉ የበቀለ ሥር አገኘች። ዛፉ በላይ በኩል ሞሱ ሥር የተጠራቀመውን አፈር ይመገባል ማለት ነው። ግኝቷ በ1981 ታተመ። ከዚያ በፊት እነዚህን ዛፎች ስንት የእንጨትና የደን ባለሙያ ሲያያቸው ኖሯል!

የካፋን ደን የሚያውቅ ሰው እዚህ ሲገባ አንድ ነገር ይጎድልበታል። ቡናው የለም፣ ሐረጉም እንደኛ ወፍራም አይደለም። ትልልቆቹ ዛፎች ሲትካ ስፕሩስና ሄምሎክ ናቸው፤ የፈረንጅ ጥድ ዓይነት። ሞሱና ሽታው ግን አንድ ነው። እርጥብ አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። እማዬ ቶሎ የለመደችው ለዚህ ይመስለኛል።

ሞሱን አትንቀሉ፣ ግንድ ላይ አትውጡ፣ ከመንገዱ አትውጡ። ልጆች ቢጫ ትልቅ ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር ያገኛሉ። ዛጎል የለውም፤ ጣት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይረዝማል። በእጅ ሳይነኩት ተቀምጠው ይዩት። መንገዱን ሲያቋርጥ ማየት ራሱ ጊዜ ይወስዳል።

ድምፅ ማጉያ ይዞ ሙዚቃ የሚከፍት ሰው አይቻለሁ፤ የእኛም ልጆች ነበሩበት። እባካችሁ አይሁን። ጎርደን ሄምፕተን የተባለ የተፈጥሮ ድምፅ የሚቀርጽ ሰው በ2005 ከእንግዳ መቀበያው አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ አንድ ትንሽ ቀይ ድንጋይ ግንድ ላይ አስቀመጠ። ያቺ ቦታ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዳይገባባት ለማስጠበቅ ነበር የታገለው። በአሜሪካ ካሉ በጣም ጸጥ ያሉ ቦታዎች አንዱ ይህ ደን ነው ብሎ ስላመነ ነው። እስከዚያ ድረስ መሄድ የለባችሁም። አሥር ደቂቃ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ዝም በሉ። ይበቃል።

ምግብና ፍርፋሪ

በነሐሴ የመጀመሪያ አጋማሽ የሚሄድ ሰው ፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ይህ እንዲያውም ለጉዞ ይመቻል፤ ሥጋና ቅቤ ይበላሻል ብላችሁ አትጨነቁም። እኛ ሱፍ ፍትፍት በኩለር፣ ሽሮ በሰፊ አፍ ቴርሞስ እንይዛለን። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎም አይቀርም። እንጀራውን በፎጣ ጠቅልላችሁ ከበረዶው ጋር እንዳይነካካ ለብቻው አድርጉት፤ አለበለዚያ ይረጥባል።

ቡና ማፍላት ይቻላል፤ ግን በትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ የመመገቢያ ጠረጴዛ ባለበት ቦታ። ነሐሴ ደረቅ ስለሆነ እሳት ሊከለከል ይችላል። ሲከለከል አብዛኛውን ጊዜ ከሰልም አብሮ ይከለከላል። ስለዚህ የከሰል ማንደጃ ይዛችሁ ሄዳችሁ እንዳይከፋችሁ።

ፍርፋሪ የምለው ቀልድ አይደለም። ማርብልድ መርሌት የምትባል ትንሽ የባሕር ወፍ አለች። ዓሣዋን ከውቅያኖስ ታጠምዳለች፤ እንቁላሏን ግን ከባሕር ርቃ፣ ያረጀ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ ሞስ ውስጥ ትጥላለች። በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው። ሰው የጣለው ፍርፋሪ ቁራና ጄይ የሚባለውን ሰማያዊ ወፍ ይሰበስባል። እነሱ ደግሞ የእሷን እንቁላልና ጫጩት ይበላሉ። አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ መሬት ላይ መበተን ለዚህች ወፍ ጥፋት ነው። ልጆች ሲበሉ ጨርቅ አንጥፉላቸው፤ ስትነሱ ጨርቁን ሰብስባችሁ መኪና ውስጥ አራግፉት።

ኤልኮቹ ብዙ ጊዜ በመንገዱ ዳር፣ በወንዙ ሜዳ ላይ ይታያሉ። ይህ ፓርክ መኖሩ ራሱ የእነሱ ውለታ አለበት። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ቦታውን የከለለው አዳኞች ኤልኩን ሊጨርሱት ስለነበር ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ደግሞ በ1938 ብሔራዊ ፓርክ አደረገው። ከ45 ሜትር ወዲህ አትቅረቧቸው። በግንቦትና በሰኔ እናቲቱ ግልገሏን ስትጠብቅ፣ በመስከረም ወንዱ ሴቷን ሲፈልግ ሰው ይወጋሉ። ለፎቶ ብሎ ልጅን ፊታቸው ማቆም የማይታሰብ ነው።

ባሕሩ፦ የሚያዘው ታይድ ነው

ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። እዚህ ሁላችንም ታይድ የምንለው ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ የባሕሩን ሰዓት ሳታዩ የባሕሩን ፕሮግራም አታውጡ። «ላ ፑሽ» (የባሕር ዳር መንደር ነው) ብላችሁ ኖኣ በሚባለው የአሜሪካ የባሕርና የአየር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ፤ የየቀኑ ሰንጠረዥ ይወጣል። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ለእናት ስታስረዱ አትርሱ። ቁጥሩ ዝቅ ሲል፣ በተለይ ከዜሮ በታች ሲሆን፣ ባሕሩ በጣም ሸሽቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። በበጋ ትልቁ ጉድለት የሚውለው ብዙውን ጊዜ ጠዋት ነው። ደኑም የሚሻለው ጠዋት ነው። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ማድረግ አይቻልም። ሁለት ሌሊት ያዙ ያልኩት ለዚህም ነው። ሰንጠረዡን አይታችሁ ጉድለቱ የበለጠበትን ጠዋት ለባሕሩ፣ ሌላውን ለደኑ ስጡ።

ባሕሩ ሲሸሽ አለቱ ላይ ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ። ብርቱካንማና ወይን ጠጅ የባሕር ኮከብ አለት ላይ ተጣብቆ ታያላችሁ። አኒሞኒ የሚባለው አረንጓዴ ፍጡር ውኃ ውስጥ እያለ እንደ አበባ ተከፍቶ ይታያል፤ ውኃው ሲሸሸው ተሰብስቦ ድቡልቡል ይሆናል። ብዙ ጊዜ አሸዋና የዛጎል ስባሪ ስለሚለብስ ሰው ድንጋይ መስሎት ይረግጠዋል። ባዶ አለት ወይም አሸዋ ላይ ብቻ እርገጡ። የባሕር ኮከብ አትላቅቁ። ከዚህ ምንም አንወስድም ብላችሁ ለልጆች ቀድማችሁ ንገሩ።

የትኛው ባሕር ዳር? እግር ለሚበረታ ሰው ሪያልቶ ነው። ከዚያ በባሕሩ ዳር ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ተራምዶ ሆል ኢን ዘ ዎል የሚባለው የተበሳ አለት ይደረሳል። በሙላት ሰዓት እዚያ ማለፍ አይቻልም። ጉድለቱ ከመድረሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ውኃው መመለስ ሲጀምር እናንተም ተመለሱ። ሪያልቶ ግን ጠጠር ነው። ቁርጭምጭሚት ያደክማል። ለእናት ካላሎክ ይሻላል፤ አሸዋው ደልደል ያለ ነው። ሩቢ ቢች ቁልቁለቱ አጭር ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ግንድ ተሻግሮ መግባት አለ። እማዬን እኔና የእህቴ ልጅ ግራና ቀኝ ይዘን ነው ያሻገርናት። ላ ፑሽ ፈርስት ቢች መኪና እስከ ባሕሩ ዳር ይደርሳል። ያ ቦታ ኩዊሊዩት የሚባለው የአገሬው ተወላጅ ሕዝብ መሬት ነው፤ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ሁኑ። ሰዎችንና ቤቶችን ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ።

አሁን አደጋውን ልንገራችሁ፤ ይህን ክፍል አትዝለሉት። በየባሕር ዳሩ የተከመሩት ግዙፍ ግንዶች ቆንጆ መቀመጫ ይመስላሉ። በሙላት ሰዓት ግን አንድ ማዕበል መጥቶ ግንዱን ያንሳፍፈዋል፤ ብዙ ቶን የሚመዝን እንጨት ሰው ላይ ይንከባለላል። ሰው ሞቶበታል። ልጆች ግንድ ላይ የሚጫወቱት ባሕሩ ሲሸሽና ሩቅ ሲሆን ብቻ ነው። ጀርባችሁን ለውኃው አትስጡ። ሳይታሰብ ከሌሎቹ የሚበልጥ ማዕበል ይመጣል። ውኃው በነሐሴም ቢሆን ያደነዝዛል፤ ዋናተኛ ነኝ የሚልም አይግባ። መሬት ለረጅም ጊዜ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወዲያው ወደ ከፍታ ውጡ። ሰማያዊ የሱናሚ ምልክቶች መንገዱን ያሳያሉ። የኩዊሊዩት ማኅበረሰብ ለዚህ ሲል የልጆቹን ትምህርት ቤት ከባሕሩ ዳር አንስቶ ከፍታ ላይ አዲስ ሠርቶ በ2022 ከፍቷል።

ልብስ

ጂንስ አታድርጉ፤ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ውኃ የማያስገባ ጃኬት፣ ከሥሩ ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ የሚይዝ ሶል ያለው ጫማ በቂ ነው። ካልሲ ለየሰው ሁለት ትርፍ ያዙ። ጋቢ ይዛችሁ ኑ፤ ግን መኪና ውስጥ ይቆይ። ከዝናብ ለተመለሰች እናት ደረቅ ጋቢና ትኩስ ሻይ ከማሞቂያው ይበልጣል። ጃንጥላ ባሕር ዳር አይረባም፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል።

መመለሻው

በሦስተኛው ቀን ከካላሎክ ወደ ደቡብ ውረዱ። ከአንድ ሰዓት በታች ኩዊኖልት ሐይቅ ትደርሳላችሁ። ይህም የዝናብ ደን ነው፤ ሰው ግን ከሆህ ያነሰ ነው። በሐይቁ ደቡብ ዳር ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ሲትካ ስፕሩስ አለ። ቁመቱ 58 ሜትር፣ የግንዱ ዙሪያ 18 ሜትር ገደማ ነው። ዕድሜው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ይገመታል። የእግር መንገዱ ለማንም አይከብድም። በ1926 የተሠራው ሎጅም እዚያው ሐይቁ ዳር ነው። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1937 መጥቶ ምሳ የበላው እዚህ ነበር። ፓርኩን የሚያቋቁመውን ሕግ የፈረመው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። ሐይቁ ራሱ ኩዊኖልት የሚባለው የአገሬው ተወላጅ ሕዝብ ንብረት ነው፤ ዓሣ ማጥመድ የፈለገ ከእነሱ ፈቃድ ያወጣል።

ከዚያ በአበርዲንና በኦሊምፒያ አድርጋችሁ ሦስት ሰዓት ገደማ ብትነዱ ሲያትል ናችሁ። እሁድ ከሆነ ከኩዊኖልት ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ተነሱ። ከኦሊምፒያ እስከ ታኮማ ያለው የአይ-5 መንገድ ከሰዓት በኋላ ይዘጋጋል፤ በኋለኛው ወንበር ያሉት እናትና ልጆችም በዚያ ሰዓት ደክሟቸዋል። ነዳጁን አበርዲን ላይ ሙሉ፤ ሽንት ቤትም እዚያው ይጠቀሙ።